የሊቃውንት መልእክተኛ፤ የሄንሪ ኦልደንበርግ የሕይወት ታሪክ

አዲስ ነገር መርምሮ ያገኘን ሊቅ ዓለም በቶሎ ያውቀዋል፤ የተገኘውን ዕውቀት ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያደረሰውን ሰው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የሄንሪ ኦልደንበርግ ታሪክ ለመምህራን ሊነገር የሚገባውም ስለዚህ ነው። እርሱ ራሱ አንድም የተፈጥሮ ሕግ ሳያገኝ፣ ሌሎች ያገኙት ተደብቆ እንዳይቀር ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦልደንበርግ በ1619 ገደማ በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ ከመምህር አባት ተወለደ። የሃይማኖት ትምህርቱን በዚያው ከተማ በ1639 ከፈጸመ በኋላ የመኳንንትን ልጆች እያስተማረ በልዩ ልዩ አገሮች ተዘዋወረ፤ በዚህም ኑሮው ብዙ ቋንቋዎችን አወቀ። በ1653 እንግሊዝና ሆላንድ ይዋጉ ስለ ነበር፣ የትውልድ ከተማው ጉዳይዋን እንዲያስፈጽምላት ወደ እንግሊዝ መሪ ወደ ክሮምዌል ላከችው። በዚያ አገር ከታወቀው ሊቅ ከሮበርት ቦይል ጋር ተዋወቀ፤ የቦይልንም የእኅት ልጅ አስተማረ። ከ1657 እስከ 1660 ከዚሁ ተማሪው ጋር በአውሮፓ ሲዘዋወር፣ ሊቃውንት ተሰብስበው የሚመራመሩባቸውን ጉባኤዎች ተመለከተ።

በ1660 በሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ተቋቋመ። በ1662 የንጉሡን ፈቃድ ሲያገኝ ኦልደንበርግ ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። ሥራው ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋር መጻጻፍ ነበር።

በዚያን ዘመን ዕውቀትን መደበቅ የተለመደ ነበር። ጋሊሌዎ በ1610 ስለ ሳተርን ያየውን ለኬፕለር የላከለት ፊደሎቹን አዘበራርቆ ነው። እንዲህ የሚያደርጉት ያገኙትን ነገር ሌላው ሰው የእኔ ነው እንዳይል በመስጋት ነበር። ኦልደንበርግ ለዚህ ችግር የተሻለ መድኃኒት ፈለገ። ወደ ማኅበሩ የመጣው ጽሑፍ የደረሰበት ቀን ከተመዘገበና ወዲያው ከታተመ፣ ባለቤቱ መብቱ ይጠበቅለታል፤ ሌላውም ሰው ዕውቀቱን ያገኛል።

በዚህ አሳብ መጋቢት 6 ቀን 1665 ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ የተባለውን መጽሔት በራሱ ኀላፊነት ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ቍጥር 16 ገጽ ብቻ ሲሆን፣ በጁፒተር ላይ ስለ ታየ ነጠብጣብና በቤርሙዳ ስለሚደረገው የዓሣ ነባሪ አደን የመሳሰሉ ወሬዎች ነበሩበት። በዚያው ዓመት ሎንዶንን ወረርሽኝ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ታላቅ ቃጠሎ አገኛት፤ እርሱ ግን ሥራውን አልተወም።

በ1667 የባሰ መከራ ደረሰበት። እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር እንደገና ስትዋጋ፣ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በመጻጻፉ ተጠርጥሮ በሎንዶን ግንብ ሁለት ወር ያህል ታሰረ። በተፈታ ጊዜም ወደዚያው ወደ ደብዳቤው ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የፈጸመው ሥራ ከፊተኛው ይበልጣል። በ1672 ኒውተን ስለ ብርሃንና ስለ ቀለማት የጻፈውን አሳተመ። ጽሑፉ ክርክር አስነሥቶ ኒውተን በ1673 ከማኅበሩ ለመውጣት ባሰበ ጊዜ፣ በትዕግሥት አባብሎ ያስቀረው ኦልደንበርግ ነው። በዚሁ ዓመት ከሆላንድ ከዴልፍት ከተማ ሌዌንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ በራሱ ማጕያ መስተዋት ያየውን ጽፎ ላከ። ይህ ሰው ከደች በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። ኦልደንበርግ ላቲን አያውቅም ብሎ አልናቀውም፤ ደብዳቤዎቹን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጐመ አወጣቸው። በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን በውሃ ውስጥ መኖራቸውን ብዙ ሰው በ1677 ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ድካም ያገኘው ዋጋ አነስተኛ ነበር። ማኅበሩ ደመወዝ የቈረጠለት በ1669 ሲሆን፣ እርሱም በዓመት 40 ፓውንድ ነበር። ሮበርት ሁክም ስለ ሰዓት ጥምዝምዝ ሽቦ በተነሣው ክርክር ምስጢሬን ለሆላንዱ ሊቅ ለሃይገንስ አሳልፎ ሰጠብኝ ሲል ከሰሰው፤ ማኅበሩ ግን ለታማኝነቱ መሰከረለት። መስከረም 1677 ሲሞት መጽሔቱን እስከ 136ኛው ቍጥር አድርሶት ነበር።

መጽሔቱ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይታተማል። ማኅበሩም በ2011 ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸውን ጽሑፎች ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያነባቸው ፈቀደ። ሆኖም በዓለም ላይ እስከ ዛሬ በገንዘብ ብቻ የሚነበብ ብዙ የምርምር ጽሑፍ ስላለ፣ የተጀመረው ሥራ ገና አልተፈጸመም።

እኛ መምህራን ሁላችን ተመራማሪዎች ላንሆን እንችላለን። ነገር ግን በየክፍላችን በልምድ ያገኘነውን መልካም ዘዴ ጽፈን ለባልንጀራችን ካላካፈልነው፣ ጡረታ ስንወጣ አብሮን ይወጣል። ስሙ ያልታወቀ መምህር በሩቅ አገር ትምህርት ቤት ሆኖ የሚጽፈውም ቢሆን ሊነበብ ይገባዋል። የዴልፍቱ ነጋዴ ደብዳቤ የሚቀበለው ባያገኝ ኖሮ፣ ያየው ሁሉ በሱቁ ውስጥ በቀረ ነበርና።