ቀጥሎስ ማንን እናንብብ? የአኩታጋዋ ሪዩኖሱኬ ሕይወት

ባለፈው መንፈቅ በመኝታ ቤታችን አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመ። ደራሲው ጃፓናዊው ኮቦ አቤ ነው። ነፍሳት ሊሰበስብ ወደ ባሕር ዳርቻ የሄደ አንድ መምህር፣ የመንደሩ ሰዎች አታለው ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀሩታል፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮው ሌሊት ሌሊት አሸዋ መዛቅ ይሆናል። እኛም እጩ መምህራን ነንና ታሪኩ ጭንቅ ጭንቅ አለን። እውኑና ሕልሙ እንደ ተቀላቀለብን ጨረስነውና፣ ታዲያ ቀጥሎስ ማንን እናንብብ ተባባልን። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ፍንጩን ያገኘነው ከዚያው ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ ነው። አቤ በ1951 የአኩታጋዋን ሽልማት እንዳገኘ ተጽፏል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመሆኑ ይህ ሽልማት የተሰየመለት ሰው ማነው? ይህን ስንፈልግ ያገኘነውን ሕይወት ዛሬ እናካፍላችሁ።

አኩታጋዋ ሪዩኖሱኬ በማርች 1 ቀን 1892 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። ዓመቱ በምሥራቁ አቆጣጠር የዘንዶ ዓመት ነበርና ስሙ ከዘንዶ ተወሰደ። አባቱ ወተት ነጋዴ ነበር። ሕፃኑ ገና ጥቂት ወራት እንደሞላው እናቱን የአእምሮ ሕመም ያዛት። በዚህ ጊዜ የእናቱ ወንድም ወስዶ አሳደገው፤ አኩታጋዋ የሚለውም የአጎቱ የቤተሰብ ስም ነው። እናቱ በ1902 ሞተች። የእናቴ ሕመም አንድ ቀን ይደርስብኛል የሚለው ፍርሃት ግን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

ልጁ ከመጽሐፍ ጋር አደገ። በ1913 ቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጠና። ልብ በሉ፤ የሚያነበው አንዱን ወገን ብቻ አልነበረም። በአንድ እጁ የአውሮፓ ደራስያንን ሲያገላብጥ፣ በሌላው ከሺህ በላይ ተረቶችን የያዘውን የጥንቱን «ኮንጃኩ ሞኖጋታሪ» ያነብ ነበር። «ራሾሞን»ን በ1915፣ «አፍንጫ»ን በ1916 ሲጽፍ ታሪኩን የወሰደው ከእነዚህ ተረቶች ነው።

«አፍንጫ» እንዲህ ነው። አፍንጫው ከአገጩ በታች የተንጠለጠለ አንድ መነኩሴ በሰው ዘንድ መሳቂያ ሆኖ ይኖራል። በብዙ መከራ ሲያሳጥረው ግን ሰው ከበፊቱ ይልቅ ሳቀበት። አፍንጫው አንድ ሌሊት ተመልሶ ሲረዝም መነኩሴው እፎይ አለ። ከእሱ ሰማንያ ዓመት ቀደም ብሎ ሩሲያዊው ጎጎል በዚያው ርእስ የጻፈው ታሪክ አለ፤ የዚያኛው አፍንጫ ደግሞ ከባለቤቱ ፊት ጠፍቶ የባለሥልጣን ልብስ ለብሶ በከተማ ይንሸራሸራል። አኩታጋዋ ጎጎልን አንብቦታል። እኛም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ስናነብ የመጀመሪያው በር ተከፈተልን።

«አፍንጫ»ን አይቶ ወጣቱን በደብዳቤ ያመሰገነው ታላቁ ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪ ነው። ሶሴኪ ራሱ የእንግሊዝኛ መምህር የነበረ ሰው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ እንጂ ብዙ በረዳው ነበር። ሶሴኪ በ1908 ዐሥር ሕልሞችን ዐሥር አጫጭር ታሪኮች አድርጎ ጽፏል። ይህ ሁለተኛው በር ነው።

አኩታጋዋም እንደ መምህሩ ወደ ማስተማር ገባ። ከ1916 መጨረሻ እስከ 1919 ዮኮሱካ በሚገኘው የባሕር ኃይል የምሕንድስና ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማረ። ቀን እያስተማሩ ማታ መጻፍ ከበደው፤ ይህን ኑሮ በኋላ ያሱኪቺ በሚባል መምህር ስም በታሪኮቹ አሳይቶታል። ሆኖም ለልጆች የጻፈው «የሸረሪት ድር» የወጣው በእነዚያው ዓመታት፣ በ1918 ነው። በሲኦል ያለ ኃጢአተኛ በአንዲት የሸረሪት ድር ተንጠልጥሎ ሲወጣ፣ ከኋላው የሚከተሉትን ውረዱ ብሎ ሲጮኽባቸው ድሩ ይበጠሳል። በዶስቶየቭስኪ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥም ስለ አንዲት ሴትና ስለ ሽንኩርቷ ይህንኑ የመሰለ ተረት አለ። ክፍል ገብተን ለልጆች ልናነበው የምንችለው ይህን ነው።

በ1919 ከማስተማሩ ወጥቶ ለኦሳካ ማይኒቺ ጋዜጣ መሥራት ጀመረ። ጋዜጣው በ1921 ወደ ቻይና ላከው፤ ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰም። በ1922 የጻፈው «በጫካው ውስጥ» አንድን ግድያ በሰባት አንደበት ይተርካል፤ ቃላቸው አይገጥምም፤ የሞተው ሰው እንኳ በጠንቋይ አፍ ይመሰክራል። ኩሮሳዋ በ1950 «ራሾሞን» የተባለውን ፊልም የሠራው ከዚህ ታሪክ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ክፉ ነበር። በ1927 መጀመሪያ የእኅቱ ባል ቤት ተቃጠለ፤ ሰውየው ራሱ አቃጥሎት ነው ተብሎ ተጠረጠረና ሕይወቱን አጠፋ፤ ዕዳው አኩታጋዋ ላይ ወደቀ። እንቅልፍ አጥቶ፣ ተረብሾ፣ በዚያው ዓመት «ካፓ»ን ጻፈ። አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ካፓ በሚባሉ የውሃ ፍጡራን አገር ያየውን ያወራል፤ እዚያ ሕፃን ከመወለዱ በፊት መወለድ ትፈልጋለህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሥራ ያጣ ሠራተኛም ታርዶ ይበላል። የስዊፍትን «የጉሊቨር ጉዞዎች» ያነበበ ሰው ዝምድናው አይጠፋውም።

በጁላይ 24 ቀን 1927 አኩታጋዋ በ35 ዓመቱ በገዛ እጁ ሞተ። ሚስቱንና ሦስት ወንዶች ልጆቹን ትቶ ሄደ። ይህን የምንጽፈው ሞቱን ለማድነቅ አይደለም። ብዙ ማንበብ ብቻውን ሰውን ከጭንቀት አያድንም፤ አጠገባችን የጨነቀው ጓደኛ ካለ መጽሐፍ ማዋስ አይበቃም፤ ማናገርና አብሮ መሆን ያስፈልጋል።

ጓደኛው ኪኩቺ ካን በ1935 አዳዲስ ደራስያን የሚሸለሙበትን ሽልማት በስሙ አቋቋመ። አቤ ያገኘው ይኸንኑ ነው። ኦኤ ኬንዛቡሮ በ1958፣ ታዋዳ ዮኮ በ1993፣ እባብ ሴት ሆና ቤት ስለምትገባበት ታሪክ ደግሞ ካዋካሚ ሂሮሚ በ1996 ተሸልመዋል። ዓለም ያወቀው ሙራካሚ ግን አላገኘም፤ ስለዚህ የሽልማት ዝርዝር መንገድ ይጠቁማል እንጂ ሁሉን አይዝም።

እንግዲህ የእኛ መልስ ይህ ነው። አንድ ደራሲ ሲጥመን እሱን የሚመስል ሌላ ከመፈለግ ይልቅ፣ እሱ ማንን አነበበ፣ ማን አበረታታው፣ ከእሱ በኋላስ ማን መጣ ብለን እንጠይቅ። ነገ አንድ ተማሪ መጽሐፍ ጨርሶ ሲመጣና ቀጥሎስ ሲለን፣ አላውቅም ብለን የምንመልሰው ልጅ ምናልባት ሁለተኛ አይጠይቀንም።