የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወትና ሥራ

በቆቦ ተማሪዎች መካከል እርሳስና ቀለም የሚወዱ ጥቂቶች አይደሉም። አንዱ የዞብልን ተራራ ይሥላል፤ ሌላው ያሸተ ማሽላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደብተር ሽፋን የቀዳውን አንበሳ ያመጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ያምራል። ነገር ግን አንድ ተማሪ የሣላቸው ሥዕሎች ሁሉ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ብዙ ጊዜ እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ይሆኑብናል። ወጣት ሠዓሊ ሥራዎቹን የአንድ አባት ልጆች የሚያደርጋቸው እንዴት ነው? ይህን ለመመርመር የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሕይወት መረጥን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ዓ.ም. ሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከቀለም ጋር የተዋወቁት ገና በልጅነታቸው በአባታቸው ቤት ነው። አዲስ አበባ መጥተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቢገቡም ልባቸው ከሥዕል አልለይ ስላለ ትምህርቱን አቋርጠው ወጡ። (ይህ ዛሬም ቢሆን ወላጆችን የሚያስቆጣ ነገር ነው!) በ1957 ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በኮሎኝ ከተማ እስከ 1961 ሥዕል ተማሩ። በዚያ አገር ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ሠዓሊዎች ዓይን ያየውን ከመቅዳት ይልቅ ልብ የተሰማውን በቀለምና በመስመር መግለጽን ልማድ አድርገውት ነበር። ገብረ ክርስቶስም ይህን መንገድ ያዙ።

በ1962 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ፤ በ1963ም ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ያን ጊዜ ብዙው ተመልካች የለመደው የቅዱሳንን፣ የነገሥታትንና የጦርነትን ሥዕል ስለ ነበረ፣ ቅርጹ የማይለይ ሥዕል ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ነቀፌታ ተነሣባቸው። በእኛ አስተያየት ነቀፌታው ትክክል አይመስለንም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችስ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ሲሥሉ መች ዓይን ያየውን ቀዱ?

ገብረ ክርስቶስ ግን ተመልካችን ለማስደሰት ብለው መንገዳቸውን አልለወጡም። በ1963 የሠሩት «ጎልጎታ» የስቅለትን መከራ በቀይ ቀለም ኃይል የሚናገር ነው፤ የራያ ቆላ የቀትር ፀሐይ በዓይኑ ላይ የበራበት ሰው ያን ቀለም ለመረዳት ብዙ አስተማሪ የሚያስፈልገው አይመስለንም። በ1966 ደግሞ ሰውም ሆነ ዕቃ የማይታይበት አረንጓዴ ሥዕል ሠሩ። የሁለቱ ርእስ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ተናጋሪ መሆኑ ግን አንድ ነው። የችግረኛውን ሰው ኑሮ ሲሥሉም ያው ኀዘን፣ ያው ብቸኝነት ይታያል። ግጥም ሲጽፉ እንኳ «የጠፈር ባይተዋር» ብለው ስለ ብቸኛ እንግዳ ጻፉ። ሥራዎቻቸውን ዘመድ ያደረጋቸው የርእስ መመሳሰል ሳይሆን ይህ ለዓመታት ያልለቀቁት ስሜት ነው ብለን እናምናለን። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበሉ።

ከ1974 አብዮት በኋላ ኑሮ ስለ ከበዳቸው በ1978 አገራቸውን ትተው በኬንያ በኩል ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሥዕሎቻቸውም በየአገሩ ተበታተኑ። በ1981 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ሎውተን በምትባል ከተማ ዐረፉ። ግጥሞቻቸው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል መጽሐፍ የታተሙት ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጀርመን አገር ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎች ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በስማቸው በተሰየመው የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ላይ ተሰቅለዋል።