ሊቀ ጳጳስ ኒኮላይ ዘጃፓንና የጦር ምርኮኞቹ

የሩስያ ቤተ ክርስቲያንና የእኛይቱ ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቍርባን እንደማይተባበሩ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ይሁን እንጂ በጃፓን አገር ወንጌልን የሰበኩት የሊቀ ጳጳስ ኒኮላይ ካሳትኪን ሥራ ለማንኛውም እረኛ የሚጠቅም ስለ ሆነ ታሪካቸውን በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኒኮላይ በ1836 ዓ.ም. በሩስያ በስሞሌንስክ አውራጃ ከአንድ ዲያቆን ተወለዱ፤ እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞተችባቸው። በሴንት ፒተርስበርግ የመንፈሳዊ ትምህርት ተማሪ ሳሉ፥ በጃፓን በሃኮዳቴ ከተማ ለነበረው የሩስያ ቆንስላ ቄስ መፈለጉን ሰምተው በፈቃዳቸው ሄዱ፤ በ1861 ዓ.ም. ደረሱ። በዚያን ጊዜ ክርስትና በጃፓን በሕግ የተከለከለ ነበር። ሊገድላቸው የመጣው ሳዋቤ የተባለ ጦረኛ ትምህርታቸውን ሰምቶ በ1868 ዓ.ም. ተጠመቀ፥ በኋላም ቅስና ተቀበለ። እርሳቸውም በ1880 ዓ.ም. ጵጵስና ተሾሙ፤ በቶክዮ ያሠሩት ታላቁ ካቴድራልም በ1891 ዓ.ም. ተባረከ።

እንግዲህ ፈተናው የመጣው በ1904 ዓ.ም. ጃፓንና ሩስያ በተዋጉ ጊዜ ነው። የሩስያ መልእክተኞች ከቶክዮ ሲወጡ ኒኮላይ ከመንጋቸው ጋር ቀሩ። ለጃፓናውያን ልጆቻቸው ስለ ንጉሠ ነገሥታቸውና ስለ ሠራዊታቸው እንዲጸልዩ ፈቀዱ፤ እርሳቸው ግን የተወለዱበትን አገር ድል እንዲነሡ በአፋቸው ሊጸልዩ አልቻሉምና ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በሕዝብ ፊት ከሚደረገው አገልግሎት ተለዩ። ጳጳስ ሆኖ ከመቅደሱ መራቅ ምን ያህል እንደሚመር ካህናት የሆኑ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። እኛም እንደምናስበው፥ ልብና አፍ ሳይለያዩ መንጋውን ለመጠበቅ የቀረላቸው መንገድ ይህ ብቻ ነበር።

ምእመናኑም ያለ መከራ አልነበሩም። የጠላትን ሃይማኖት ይዛችኋል፥ የሩስያ ሰላዮች ናችሁ እየተባሉ ተሰደቡ፤ ካቴድራሉም በዘበኛ ይጠበቅ ነበር።

ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ከ70,000 የሚበልጡ የሩስያ ምርኮኞች ወደ ጃፓን መጡ፤ በልዩ ልዩ ከተሞችም ተከፋፈሉ። ኒኮላይም ምርኮኞችን በመንፈስ የሚያጽናና ማኅበር ከምእመናኑ አቋቋሙ። የሩስያን ቋንቋ የተማሩ ጃፓናውያን ካህናትም ወደ ሰፈሮቹ ተላኩ፤ ቀደሱላቸው፥ ኑዛዜ ተቀበሉ፥ መጻሕፍትና መስቀል አከፋፈሉ፥ የሞቱትንም ቀበሩ። ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። ወንድሙ ወይም የጎረቤቱ ልጅ በማንቹርያ የሚዋጋ ካህን፥ ከዚያው ጦር ሜዳ ለመጣ ወታደር ኃጢአቱን ሰምቶ ይፈታዋል! ቀድሞ ሰላይ ተብሎ የተሰደበ ሰው ምርኮኛ ሊያጽናና በአደባባይ ሲሄድ ስድቡን በራሱ ላይ እንደሚያበዛ ሳያውቅ አልቀረም።

ቸርነቱ በክርስቲያኖች ብቻ የተወሰነ ነበር ብለን ብንጽፍ ሐሰት ይሆንብናል። በማትሱያማ ከተማ ምርኮኞቹ ወጥተው እንዲመላለሱ፥ በዶጎ ፍል ውኃም እንዲታጠቡ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ክርስቶስን የማያውቁት የከተማው ሰዎችም በመልካም ተቀበሏቸው። በዚያ የሞቱት 98 ሩስያውያን የተቀበሩበትን ስፍራ የከተማው ነዋሪዎችና ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠርጉታል፥ ያጸዱታል።

በ1905 ዓ.ም. ሰላም ሆነ፤ ምርኮኞቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኒኮላይ በ1906 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ወደ ሩስያ ሳይመለሱ በየካቲት 1912 ዓ.ም. በቶክዮ ዐረፉ፤ በዚያን ጊዜ ከ30,000 የሚበልጡ ምእመናን ነበሯቸው። ሠራዊቱ ከሩስያ ጋር የተዋጋው ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ለቀብራቸው የአበባ ጉንጉን ላከ፤ በዚያችው ከተማ በያናካ መቃብር ተቀበሩ።