ሉድቪግ ጉትማን እና የታችኛው አከርካሪ ቁስል ሕክምና

ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገብ በታች ሽባ የሆነ ሰው፣ ቀደም ባለው ዘመን፣ ከስብራቱ ይልቅ በቁስሉ ይሞት ነበር። ሕመም የማይሰማው አካል ጎኑን ስለማይለውጥ፣ በአከርካሪው የታችኛ ጫፍና በፍራሹ መካከል የተጨቆነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ አጥንቱ ይገለጣል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ይገባል። ይህን የሞት መንገድ ለመዝጋት ዕድሜያቸውን ከሰጡ ሐኪሞች መካከል ሰር ሉድቪግ ጉትማን ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ።

ጉትማን በ1899 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በላይኛው ሲሌዥያ፣ ቶስት በምትባል ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1917 በአንድ የአደጋ ሆስፒታል በረዳትነት ሲያገለግሉ፣ አከርካሪው የተሰበረ ወጣት የከሰል ማዕድን ሠራተኛ በአምስት ሳምንት ውስጥ በደም መመረዝ ሲሞት ተመለከቱ። ኋላም በብሬስላው በኦትፍሪድ ፎርስተር ሥር የነርቭ ሕክምናን ተማሩ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከአይሁድ ሆስፒታል ውጭ የመሥራት መብታቸውን ተነጠቁ፤ በኅዳር 1938ቱ ጥቃት ሌሊትም ከስድሳ የሚበልጡ ስደተኞችን በሕመምተኛ ስም ወደ ሆስፒታላቸው አስገቡ። በ1939 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኦክስፎርድ ተሰደዱ።

በየካቲት 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል እንዲከፍቱ ተሾሙ። ያስገቡት ሥርዓት ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። አስቸጋሪው ነገር ሥርዓቱን ሳያጓድሉ መፈጸም ነበር። ጉትማን ራሳቸው ሳይጠበቁ በሌሊት እየመጡ ይቈጣጠሩ ነበር፤ ቁጡና ጥብቅ እንደ ነበሩም ይነገራል።

እርግጥ ነው፣ የጠለቀ ቁስል በመገላበጥ ብቻ አይድንም። በአጥንት ላይ የተለጠፈ ስስ ቆዳ ጫናን አይችልም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ከመቀመጫ ወይም ከወገብ አካባቢ ቆዳን ከነስቡ፣ ሲያስፈልግም ከነጡንቻው፣ መጋቢ ደም ሥሩን ሳይቈርጥ አዙሮ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ይህ ክፋይ ፍላፕ ይባላል። ስፌቱም በተቻለ መጠን አጥንቱ ጐልቶ ከሚጫንበት ነጥብ ይርቃል። ነገር ግን ሕመምተኛው እንደ ቀድሞው በጀርባው ተንጋሎ ከተተወ፣ አዲሱ ሥጋ እንደ አሮጌው ይሞታል። በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ የቀዶ ሕክምና ታሪክ ስለ ቢላዋው ጥበብ አብዝቶ ሲጽፍ የአስታማሚዋን ሌሊት ይዘነጋል፤ የጉትማን ሥራ ግን ሁለቱን ለያይቶ ማየት እንደማይቻል ያሳያል።

ከቁስል የዳነው ሰው ደግሞ የሚኖርበት ሕይወት ያስፈልገዋል። በሐምሌ 1948 በሆስፒታሉ ቅጥር ግቢ 16 የጦር ጉዳተኞች በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ፤ የፓራሊምፒክ መነሻም ይኸው ሆነ። በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ የሆነው አበበ ቢቂላ የታከመው በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ጉትማን በዚያን ጊዜ ከክፍሉ ኃላፊነት በጡረታ ተሰናብተው ነበር። በ1970 አበበ በስቶክ ማንደቪል ውድድር ቀስት ይዞ ተሰለፈ። ጉትማን በመጋቢት 1980 ዐረፉ።