ጠርቶ የሚፈልቀውን ምንጭ የመረመሩት የሕግ ባለሙያ

ከድንጋይ ሥር ጠርቶ የሚፈልቅ ውሃ ያገኘ መንገደኛ ስለ ንጽሕናው ብዙም አይጠራጠርም፤ ምድር አጣርታ ያወጣችው ነው ብሎ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በፈረንሳይ አገር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ብቻ ሳይሆኑ ለከተሞች የመጠጥ ውሃ የማቅረብ ኃላፊነት የተጣለባቸው ብዙ ሹማምንትም ከዚህ የተለየ እምነት አልነበራቸውም። ይህን እምነት በማስረጃ በማፍረስና ውጤቱ በአገሪቱ ሕግ ላይ እንዲሰፍር በማድረግ ረገድ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ሰው ሐኪም ወይም መሐንዲስ አልነበሩም። በፓሪስ የንግድ ፍርድ ቤት በጥብቅና ይተዳደሩ የነበሩት ኤድዋር አልፍሬድ ማርቴል ናቸው።

ማርቴል ከፓሪስ ብዙም በማትርቀው የፖንቷዝ ከተማ ሐምሌ 1 ቀን 1859 ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰባቸው በሕግ ሙያ የቆየ በመሆኑ እርሳቸውም የአባቶቻቸውን መንገድ ተከትለው ሕግ አጥንተዋል። ይሁን እንጂ ልባቸው ያደላው ለጂኦግራፊ ነበር። ገና በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ፒሬኔ ተራሮች በተጓዙበት ወቅት ዋሻ የማየት ዕድል ያገኙ ሲሆን፣ የተማሪነት ዘመናቸውንም የጁል ቬርንን የጉዞ ልብ ወለዶች በማንበብ እንዳሳለፉ ይነገርላቸዋል። ሥራ ከያዙ በኋላ ግን ለዚህ ፍላጎታቸው የተረፋቸው ጊዜ ፍርድ ቤት የሚዘጋበት የበጋ ዕረፍት ብቻ ነበር። ማርቴል ታላላቅ ግኝቶቻቸውን ያስመዘገቡት በዚሁ የዓመት ዕረፍታቸው መሆኑ ዛሬም የሚያስገርም ነው።

የዋሻ ጥናት በሳይንስነት መቆጠር የጀመረው በ1888 የበጋ ወር ማርቴል በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኙት የሴቬን ተራሮች ባደረጉት ጉዞ እንደሆነ ብዙ ጸሐፍት ይስማማሉ። በዚያ አካባቢ ቦነር የተባለ ትንሽ ወንዝ ከኖራ ድንጋይ አምባ ሥር ገብቶ ይሰወርና በአምባው ሌላ ወገን ከገደል መካከል እየጮኸ ይወጣል። የአካባቢው ሰዎች የውሃውን ድምፅ ከበሬ ግሳት ጋር በማመሳሰል መውጫውን ብራማቢዮ ብለውታል። ወንዙ ገብቶ የሚወጣ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በመካከል የሚሄድበትን መንገድ ግን ያየ አልነበረም። በባሌ የወይብ ወንዝ በሶፍ ኡመር ዋሻ ሲያልፍ የተመለከተ አንባቢ ጉዳዩን በቀላሉ ይረዳዋል። ማርቴል ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰኔ ወር 1888 ወደ ጨለማው ገብተው፣ በፏፏቴዎች መካከል ተንጠላጥለው፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው ዘለቁ።

ከዚህ ጉዞ የተገኘው ዕውቀት ቀላል ቢመስልም መዘዙ ብዙ ነበር። በአሸዋማ ምድር የሚወርድ ዝናብ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ቀስ እያለ ሲሰርግ ይጣራል። የኖራ ድንጋይ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ትንሽ አሲድነት ስለሚሰጠው ድንጋዩን በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ እያሟሟ ስንጥቆቹን ያሰፋቸዋል። በመጨረሻም ስንጥቆቹ ቱቦ፣ ቱቦዎቹም ሰው የሚመላለስባቸው ዋሻዎች ይሆናሉ። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚሄድ ውሃ በወንዝ ፍጥነት ከመጓዝ በቀር የሚጣራበት አጋጣሚ የለውም። በአንዱ ጫፍ የገባው ነገር ሁሉ በሌላው ጫፍ ይወጣል ማለት ነው።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ 9 ቀን 1889 ማርቴል በሎት አውራጃ በሚገኘው በፓዲራክ ጉድጓድ ወረዱ። ጉድጓዱ ከ30 ሜትር በላይ ስፋትና 75 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ በሕዝቡ ዘንድ የሰይጣን ሥራ ነው እየተባለ ይፈራ ነበር። ማርቴልና ጓደኞቻቸው በገመድ መሰላል ወርደው በጉድጓዱ ግርጌ ወንዝ አገኙ። ከሸራ በተሠራች ታጣፊ ጀልባ እየቀዘፉም በሻማ ብርሃን ከፍተኛ አዳራሾችን አቋርጠው ተጓዙ። ዘመዳቸው ጋብሪየል ጎፒያና የብረት ቀጥቃጭ የነበሩት ሉዊ አርማን በዚህ ጉዞ አብረዋቸው ነበሩ። አርማን በ1897 የራሳቸው ስም የተሰጠውን ሌላ ታላቅ ዋሻ ያገኙ ሲሆን፣ በዚያ ዋሻ ውስጥ ከወለሉ ተነሥተው ወደ ላይ ያደጉ 400 ያህል የድንጋይ ምሰሶዎች ይገኛሉ። ማርቴል በጽሑፎቻቸው ሁሉ የዚህን ባለሙያ ድርሻ ሳይሸሽጉ ማስታወሳቸው ሊመሰገኑበት የሚገባ ነው።

የማርቴልን ሥራ ከጀብዱ ወደ ሕዝብ ጤና ጉዳይ የለወጠው ግን በ1891 በዚያው በሎት አውራጃ የደረሰባቸው ነገር ነበር። ላ ቤሪ በተባለ ስፍራ ጥናት ሲያካሂዱ በጥም ተይዘው ከአካባቢው ምንጭ ጠጡ። ውሃው ንጹህና ቀዝቃዛ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ። በአምባው ላይ ባለውና ውሃውን ወደ ምንጩ በሚልከው ጉድጓድ ውስጥ የበሰበሰ የጥጃ ጥንብ ተጥሎ ነበር። በሥራ ብዛት ታመምኩ ብሎ የሚያልፈው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር። ማርቴል ግን ጉድጓዱንና ምንጩን አያይዘው ያዩት ሁለቱንም ቦታዎች በዓይናቸው የተመለከቱ በመሆናቸው ነው።

ጥጃውን የጣለው ገበሬ ክፉ ሰው አልነበረም። በኖራ ድንጋይ አምባ ላይ አፈሩ እጅግ ስስ ነው፤ አንድ በሬ ቢሞት ለመቅበር ዓለቱን መፈልፈል ይጠይቃል። ከደጁ አጠገብ ደግሞ ግርጌው የማይታይ ጉድጓድ ተከፍቷል። ጥንቡን እዚያ ጥሎ ከሽታውና ከበሽታው የተገላገለ መስሎት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ልማዱ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ሲሆን፣ ማርቴል በወረዱባቸው ብዙ ጉድጓዶች ግርጌ የጠበቃቸው ነገር ይኸው የከብት አጥንትና ጥንብ ነበር። ከአምባው በታች በሸለቆ የሚኖረው ሌላው ገበሬ ግን ከላይ የተጣለውን ሳያውቅ ምንጩን ይጠጣል። በአንዱ ቀበሌ የተፈጸመው ጥፋት በሌላው ቀበሌ ሕመም ሆኖ ሲወጣ ተጠያቂውን ለይቶ ማወቅ የማይቻል ነበር።

ማርቴል ይህን ጉዳይ በየማኅበራቱና በየጉባኤው ከማቅረብ አልቦዘኑም። በ1895 የዋሻ ጥናት ማኅበርን መሥርተው ስፔሉንካ የተሰኘ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ለክርክራቸውም ማስረጃ አላጡም። ቀደም ሲል በ1877 በጀርመን አገር የዳኑብ ወንዝ ወደ ምድር በሚሰርግበት ቦታ ፍሎረሰይን የተባለ አረንጓዴ ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል 10 ኪሎ ግራም ያህል ተጨምሮ፣ ከ60 ሰዓት ገደማ በኋላ በሌላ ተፋሰስ በሚገኘው የአኽ ምንጭ ወጥቶ ነበር። በፈረንሳይም በነሐሴ 1901 በፖንታርሊየ ከተማ የሚገኝ የአብሳንት መጠጥ ፋብሪካ በመብረቅ ተመቶ ሲቃጠል በብዛት የተጠራቀመው መጠጥ ወደ ዱ ወንዝ ፈሰሰ። ከቀናት በኋላ ከዚያ ርቆ በሚገኘው የሉ ወንዝ ምንጭ ላይ የመጠጡ ሽታ ተገኘ። ሁለቱ ወንዞች በምድር ውስጥ የተያያዙ መሆናቸውን ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያሳየ ሙከራ፣ ሳይታሰብ የተደረገ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ጉዳዩ የገጠር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የፓሪስ ከተማ ከ1874 ጀምሮ ከቫን፣ ከ1893 ጀምሮ ደግሞ ከአቭር ምንጮች ውሃ በረጅም ቦይ ታስመጣ ነበር። ምንጮቹ የተመረጡት ከሴን ወንዝ የጠሩ በመሆናቸው ሲሆን፣ መነሻቸው ግን ውሃ በስንጥቅ የሚያስገባ የኖራ ዘር ድንጋይ ነበር። የታይፎይድ በሽታ ተህዋስ በ1880 የታወቀ በመሆኑ በሽታው በውሃ እንደሚተላለፍ ሐኪሞች ተገንዝበዋል። በዋና ከተማዋ ታይፎይድ በተነሣ ቁጥር ዓይኖች ወደ እነዚህ ምንጮች መዞራቸው አልቀረም። ለምርመራው ከተሰማሩት ባለሙያዎች መካከልም ማርቴል ይገኙ ነበር።

ከብዙ ክርክር በኋላ የካቲት 15 ቀን 1902 ስለ ሕዝብ ጤና ጥበቃ የወጣው የፈረንሳይ ሕግ በአንቀጽ 28 የእንስሳት ጥንብና የሚበሰብስ ነገርን በምድር ስንጥቆች፣ በገደላማ ጉድጓዶችና በመሰል ክፍተቶች መጣልን ከለከለ። አንቀጹ እስከ ዛሬ በማርቴል ስም ሲጠራ ይሰማል። ሕጉ የፈንጣጣ ክትባትን ግዴታ ያደረገና ሌሎች ብዙ ጉዳዮችን የያዘ በመሆኑ የርሳቸው አንቀጽ በብዛቱ መካከል ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ ለመጠጥ የሚውሉ ምንጮች በዙሪያቸው የጥበቃ ክልል እንዲኖራቸው መደንገጉን ጭምር ስናይ፣ መንግሥት ምንጩን ብቻ ሳይሆን ለምንጩ ውሃ የሚሰጠውን መሬት መጠበቅ እንደሚገባው መቀበሉን እንረዳለን። ከዚያ በፊት መሬቱ የባለቤቱ፣ ውሃው የጠጪው ነበር።

ሕጉ በወጣ ማግስት ልማዱ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ጉድጓዶቹ ከመንገድ የራቁ፣ የሚጣለውም በሌሊት ሊጣል የሚችል ነው። አፈጻጸሙ የወደቀው በየከንቲባዎች ላይ ሲሆን፣ ከንቲባውን የመረጠውና ጥንቡን የጣለው ገበሬ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ማርቴል ከ1902 በኋላም ሳይሰለቹ ስለ ምንጮች ብክለት መጻፋቸው ይህን ችግር መረዳታቸውን ያሳያል። የከርሰ ምድር ውሃን አስመልክቶ ያዘጋጁት ሰፊ መጽሐፍ የታተመው በ1921፣ ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ በኋላ ነው።

ከመጠጥ ውሃ ሌላ የማርቴል ጉዞዎች በዋሻ ውስጥ ስላለው ሕይወት ለሚደረገው ምርምር በር ከፍተዋል። በ1896 በስፔን ማዮርካ ደሴት በድራክ ዋሻ ውስጥ የከርሰ ምድር ሐይቅ አግኝተው ሐይቁ በስማቸው ተሰየመ። ከ8 ዓመታት በኋላ በ1904 ኤሚል ራኮቪፃ የተባሉ ሩማንያዊ ሊቅ፣ አስቀድሞ በደቡብ ዋልታ ጉዞ የተሳተፉ፣ ለባሕር ጥናት መጥተው ወደዚያው ዋሻ ሲገቡ ከሸርጣን ጋር የምትዛመድ፣ ዓይን የሌላትና ቀለሟ የነጣ ትንሽ የውሃ ፍጥረት አገኙ። ይህች ፍጥረት የራኮቪፃን የሥራ አቅጣጫ ለወጠችው። በ1907 የዋሻ ሕይወት ጥናትን መሠረት የጣለ ጽሑፍ አሳተሙ፤ በ1920ም በሩማንያ ክሉዥ ከተማ በዓለም የመጀመሪያው የዋሻ ጥናት ተቋም በርሳቸው መሪነት ተቋቋመ። ማርቴል ራሳቸው የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበሩም፤ በዚህ ረገድ መንገዱን የጠረጉ እንጂ የተጓዙበት አይደሉም።

በጥብቅና ሥራቸው እስከ 1899 ቆይተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለጥናት ሰጡ። ከዚያ አስቀድሞ በነሐሴ 1895 በእንግሊዝ ዮርክሻየር የሚገኘውንና 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውን ጌፒንግ ጊል ጉድጓድ በገመድ መሰላል ወርደው የአገሩን ሰዎች አስደንቀዋል። በ1903 በሩሲያ መንግሥት ግብዣ ወደ ካውካሰስ ተጉዘዋል። በ1905 በፈረንሳይ ግብርና ሚኒስቴር ተልከው የቬርዶንን ጥልቅ ሸለቆ ከጓደኞቻቸው ጋር በጀልባና በእግር አቋርጠዋል፤ ተልዕኮው የውሃ ጥናት ሲሆን ውጤቱ ግን ሸለቆውን በአገር አቀፍ ደረጃ ያስተዋወቀ ሆኗል። በ1912ም በአሜሪካ ኬንታኪ የሚገኘውን ማሞዝ ዋሻ ጎብኝተዋል።

ሁሉም ነገራቸው ትክክል ነበር ለማለት አይቻልም። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ በቱቦ ብቻ ይሄዳል የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቀው በመያዛቸው፣ በድንጋዩ ውስጥ ሰፊ የተያያዘ የውሃ ክምችት ሊኖር ይችላል ከሚሉ ሊቃውንት ጋር ሲከራከሩ ኖረዋል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት እንደያዙ አሳይተዋል።

ማርቴል ከ1928 ጀምሮ የፈረንሳይ ጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፣ ሰኔ 3 ቀን 1938 በሞንብሪዞን ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው መኖሪያቸው በ78 ዓመታቸው አርፈዋል። በፓዲራክ ለጎብኚዎች የተከፈተው ዋሻ ዛሬም ሕዝብ በጀልባ የሚዘዋወርበት ነው። በ1902 የተጀመረው የምንጮች የጥበቃ ክልል ድንጋጌም ተሻሽሎና ተስፋፍቶ በፈረንሳይ የሕዝብ ጤና ሕግ ውስጥ እስከ አሁን ይሠራበታል።