ኤሚል ቦዶ፦ ከቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ኮምፒዩተር መሰኪያ

ባለፈው ክረምት አንድ የሙያ ባልደረባችን ከውጭ አገር የተላከላቸውን አዲስ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። በእኔ ዘንድ ዕድሜው ወደ 30 ዓመት የተጠጋ፣ አገልግሎቱን ግን እስከ ዛሬ ያላቋረጠ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ከካሴትና ከሸክላ የገለበጥኋቸው አያሌ ዘፈኖች በእርሱ ውስጥ ተከማችተው ስለሚገኙ፣ የባልደረባችን ሐሳብ ከእነዚያ መካከል ጥቂቶቹን ወደ ማጫወቻው ማሻገር ነበር። ጉዳዩ ቀላል መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ማጫወቻው ዩኤስቢ በሚባለው መሰኪያ ካልሆነ በቀር ከማንም ጋር አይገናኝም፤ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የሚገኙት ደግሞ ባለ 9 እግሩ ሲሪያል ፖርትና ባለ 25 ቀዳዳው የማተሚያ መሰኪያ ብቻ ናቸው። ባልደረባችን ይህን አስቀድመው ያውቁ ስለ ነበረ፣ አንደኛው ጫፉ ዩኤስቢ፣ ሌላው ጫፉ ባለ 9 እግር የሆነ አስማሚ ገመድ ገዝተው መጥተዋል። በሁለት ተጨማሪ ማያያዣዎች እየተረዳን እንደምንም አገጣጠምነው። ገመዱ ገባ፤ ዘፈኑ ግን አልተሻገረም።

በዚህ መካከል የኮምፒዩተሩ መስኮት የመሰኪያው ፍጥነት ስንት ቦድ እንዲሆን እንደምንፈልግ ጠየቀን። ባልደረባችን ይህን ቃል በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሲጠቀሙበት የኖሩ ሲሆኑ፣ ቃሉ የሰው ስም መሆኑን ግን በዚያ ምሽት ነበር ከእኔ የሰሙት። የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዘንድሮው ዕትም አንድ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ሌላ ሰው መፈለግ ያላስፈለገኝም ከዚህ የተነሣ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልኝ።

ኤሚል ቦዶ በምሥራቅ ፈረንሳይ ኦት-ማርን በሚባለው ክፍለ አገር፣ ማኞ በምትባል የገጠር መንደር ሴፕቴምበር 11 ቀን 1845 ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር። ቦዶ ከመንደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የወጣትነት ዘመኑን ያሳለፈው በእርሻ ሥራ አባቱን እየረዳ ነው። በ1869 በ24 ዓመቱ በፈረንሳይ የፖስታና የቴሌግራፍ አስተዳደር በተለማማጅ የቴሌግራፍ ሠራተኛነት ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ ለጥቂት ጊዜ ዘምቶ፣ በ1872 በፓሪስ ወደ ሲቪል ሥራው ተመለሰ።

መሥሪያ ቤቱ ለቦዶ ያደረገለት ትልቅ ነገር ቢኖር ወደ ሂዩዝ መሣሪያ ሥልጠና መላኩ ነው። ቦዶ የሞርስን ቴሌግራፍ ከተማረ በኋላ በሂዩዝ ማተሚያ ቴሌግራፍ ላይ የአራት ወር ኮርስ ተከታተለ። የሂዩዝ መሣሪያ እንደ ፒያኖ ያሉ ቁልፎች ያሉት ሆኖ፣ በሁለቱም ጣቢያዎች እኩል የሚሽከረከር የፊደል ጎማ ነበረው። የተፈለገው ፊደል ከወረቀቱ ፊት በደረሰበት ቅጽበት አንዲት የኤሌክትሪክ ምት ትላክና ፊደሉ ይታተማል። ቦዶ ከዚህ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ሲሠራ ያስተዋለው ነገር፣ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት መሆኑን ነው። ምቷ የምትቆየው ለቅጽበት ነው፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ ጎማው እስኪደርስ መጠበቅ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ሽቦ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ነውና፣ ያ ሥራ ፈት ጊዜ ለሌላ ሠራተኛ ቢሰጥስ? አለቆቹ ሐሳቡን አልነቀፉበትም፤ ነገር ግን ሥራውን በራሱ ጊዜ እንዲሠራ ነው የፈቀዱለት። ቀን ቀን በመሥሪያ ቤቱ ሲደክም ውሎ ማታ ማታ በፈጠራው ላይ ያመሽ ጀመር።

የመጀመሪያውን ፓተንት ያስመዘገበው ጁን 17 ቀን 1874 ነው። ተሻሽሎ የረጋው የቦዶ ሥርዓት ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያጣመረ ነው። አንደኛው ኮዱ ነው። በሞርስ ኮድ አንዱ ፊደል አጭር ሌላው ረጅም በመሆኑ፣ ፊደሉ መቼ እንደሚያልቅ ማሽን ሊያውቅ አይችልም። ቦዶ ግን እያንዳንዱ ፊደል እኩል ርዝመት ባላቸው አምስት ምቶች እንዲወከል አደረገ፤ እያንዳንዷ ምት ወይ አለች ወይ የለችም፤ ከዚህም 32 ውህዶች ይገኛሉ። 32ቱ ለፊደላትና ለአኃዞች ባንድነት ስለማይበቁ፣ አንደኛው ውህድ ወደ ፊደል፣ ሌላው ወደ አኃዝ መሸጋገሪያ ሆነ። (የእኛን 231 ሆሄያት በዚህ ሥርዓት እናስገባ ቢባል ምን ያህል መሸጋገሪያ ያስፈልግ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስላው።) ሁለተኛው ማከፋፈያው ነው። በላኪውና በተቀባዩ ጣቢያ እኩል የሚሽከረከሩ ክንዶች በክብ ሰሌዳ ላይ የተደረደሩ የብረት ክፍሎችን በየተራ ይነካሉ። ክንዱ በመጀመሪያው ሠራተኛ ክፍሎች ላይ ሲያልፍ የእርሱን አምስት ምቶች ከቁልፎቹ አንሥቶ አንዷን ካንዷ አስከትሎ በሽቦው ይሰዳል፤ ቀጥሎም ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው እያለ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ቆም እንዲሉ እለምናለሁ። በአንድ ጊዜ በአምስት ቁልፎች ላይ የተቀመጠን መልእክት በአንዲት ሽቦ በተራ ማስተላለፍ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ መልሶ አምስቱን አንድ ላይ መሰብሰብ፣ በእኔ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ የሲሪያል ፖርቱ ቺፕ እስከ ዛሬ የሚሠራው ሥራ ነው። ልዩነቱ አምስቱ ስምንት መሆናቸውና የሚሽከረከር ናስ አለመኖሩ ነው።

የቦዶ መሣሪያ ለማሽኑ ያደላ፣ ለሠራተኛው ግን የከበደ ነበር። የቁልፎቹ ብዛት አምስት ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ በግራ እጅ ሦስቱ በቀኝ እጅ ይጫናሉ። ክንዱ በደቂቃ ወደ 180 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በአንድ ዙር አንድ ፊደል ይልካል፤ ይህም በደቂቃ 30 ቃል ያህል ነው። ተራው መድረሱን መሣሪያው በቀጭታ ያሳውቀዋል፤ ሠራተኛው ከዚያ ምት ቢያፈጥንም ቢዘገይም ፊደሉ ይበላሻል። በመሆኑም ሠራተኛው እንደ ከበሮ መቺ ምቱን ጠብቆ ሰዓታት መቆየት ነበረበት። ቦዶ ራሱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስለ ነበር ይህን ድካም አልዘነጋውም፤ ኮዱን ሲደለድል ለጣቶች የሚቀለውን ፊደል አጣጣል መርጧል። ያም ሆኖ በእኔ አስተያየት የመሣሪያው ደካማ ጎን ይህ ነበር።

የፈጠራው ባለቤትነት ያለ ክርክር አልጸናለትም። ሉዊ ቪክቶር ሚሞ የተባለ ሌላ የቴሌግራፍ ሰው የአምስቱ ምት ሐሳብ ቀዳሚነት የእኔ ነው ብሎ ተነሣበት፤ ነገሩም ወደ ክስ ደርሶ ለዓመታት ተጓተተ። ከጥንትም አምስት ሁለትዮሽ ምልክቶችን ለፊደል የመጠቀም ሐሳብ በእንግሊዛዊው በፍራንሲስ ቤከን ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ ሐሳቡ የአንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ለቦዶ ያለ ጥርጥር የሚገባው፣ ኮዱን፣ ማከፋፈያውንና ማተሚያውን አዋሕዶ በእውነተኛ መስመር ላይ የሚሠራ ሥርዓት ማቆሙ ነው።

በኖቬምበር 1877 የቦዶ መሣሪያ በፓሪስና በቦርዶ መካከል ሥራ ጀመረ። በ1878 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ከእርሻ የመጣው ተለማማጅ በ1880 ተቆጣጣሪ፣ በ1882 ደግሞ መርማሪ መሐንዲስ ሆነ። በ1894 የፓሪስና የሚላኖ የአክሲዮን ገበያዎች በመሣሪያው ተገናኙ፤ በ1897 ደግሞ መልእክቱን አስቀድሞ በወረቀት ጥብጣብ ላይ እየበሱ ማዘጋጀት ስለ ተጀመረ፣ ሠራተኛው ከዚያ አስጨናቂ ምት ጥቂት ፋታ አገኘ።

የግል ሕይወቱ ግን ከማዕረጉ ጋር አብሮ አላደገም። ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ጤንነቱ እየታወከ ከሥራ ገበታው ደጋግሞ ይቀር ነበር። በ1890 አገባ፤ ሚስቱ ከሠርጉ በኋላ ሦስት ወር ያህል ብቻ ቆይታ ሞተችበት። እርሱም ማርች 28 ቀን 1903 ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሶ ከተማ፣ በ57 ዓመቱ ዐረፈ።

በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት የኒውዚላንድ ተወላጁ ዶናልድ መሪ የቦዶን ኮድ ለታይፕራይተር ቁልፎች እንዲስማማ አድርጎ አሻሽሎት ነበር። ሠራተኛው እንደ ወትሮው ታይፕ ሲያደርግ ማሽኑ ራሱ ኮዱን ይበሳ ስለ ነበር፣ መሪ ኮዱን የደለደለው ለጣት እንዲቀል ሳይሆን የመብሻው ብረት እንዳያልቅ ነው፤ በብዛት ለሚደጋገሙት ፊደላት ጥቂት ቀዳዳ መደበላቸው። ይህ ኮድ ኋላ በ50 ቦድ የሚሠራው የቴሌክስ ቋንቋ ሆነ። ከእኛ መካከል በቴሌክስ ክፍል የሠሩት የቢጫውን ጥብጣብ አምስት ረድፍ ቀዳዳዎች አይዘነጓቸውም። በ1926 የቴሌግራፍ ፍጥነት መለኪያ በሰከንድ የሚላኩ ምቶች ብዛት እንዲሆን ታስቦ፣ ስሙ ከቦዶ ስም ተወስዶ ቦድ ተባለ። ፈረንሳይም በ1949 ምስሉን በፖስታ ቴምብር ላይ አወጣች።

እዚህ ላይ በብዙ ጽሑፎች የሚታየውን ስሕተት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ቦድ የሚቆጥረው ምትን እንጂ ቢትን አይደለም። በሲሪያል ፖርት አንዲት ምት አንድ ቢት ብቻ ስለምትሸከም ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይመጣሉ፤ በ2,400 ቦድ 9,600 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም ግን ልዩነቱ ገሃድ ነው።

አሁን ወደ ባልደረባችን ማጫወቻ ልመለስ። ባለ አራት ሠራተኛ የቦዶ መሣሪያ በሰከንድ 60 ያህል የመልእክት ምቶች ያሳልፋል። አራት ሚሊዮን ባይት የሚመዝን አንድ ዘፈን በዚያ መስመር ቢላክ ከስድስት ቀንና ሌሊት በላይ ይፈጃል። በአሮጌው ኮምፒዩተር ሲሪያል ፖርት በከፍተኛው ፍጥነቱ፣ ማለትም በ115,200 ቦድ፣ ለእያንዳንዱ ባይት መነሻና መድረሻ ምት ተጨምሮበት ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ችግራችን ፍጥነት አልነበረም። ዩኤስቢ ከቦዶ መስመር የሚለየው በሥልጣን ክፍፍሉ ነው፤ በቦዶ ሥርዓት ሁለቱ ጣቢያዎች እኩያ ሲሆኑ፣ በዩኤስቢ ግን አንዱ ጌታ ሌላው ታዛዥ ነው፤ ጌታው ካልጠየቀ ታዛዡ ቃል አይናገርም። የገዛነው አስማሚ የተሠራው ዩኤስቢ ካለው አዲስ ኮምፒዩተር ጋር ሲሪያል መሣሪያ ለማገናኘት በመሆኑ እርሱም ታዛዥ ነው። ሁለት ታዛዦች ፊት ለፊት ተቀምጠው ጥያቄ ይጠብቁ ነበር። ገመዱ የመሰኪያውን ቅርጽ ቢያስማማም ቋንቋውን አላስማማም።

መሰኪያው ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። በ1998 ዳይመንድ መልቲሚዲያ ያወጣው ሪዮ የተባለው ማጫወቻ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኘው በማተሚያው መሰኪያ ነበር፤ ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያለ ችግር እናያይዘው ነበር። ከ2003 ጀምሮ በአይፖድ ላይ በተደረገው ባለ 30 እግር መሰኪያም ውስጥ ሁለት እግሮች ለሲሪያል መስመር የተመደቡ ነበሩ፤ በእነርሱ አማካይነት የመኪና ሬዲዮና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ማጫወቻውን ያዝዙታል፤ ዘፈን ግን በእነርሱ አይሻገርም።

በመጨረሻ መፍትሔ የሆነን ከገመድ ይልቅ ካርድ ነው። ኮምፒዩተሩ ፒሲአይ የሚባሉት የካርድ ማስገቢያዎች ስላሉት፣ ከአንድ ከተጣለ ማሽን የዩኤስቢ ካርድ ነቅለን አስገባንበት። ዊንዶውስ 98 የማጫወቻውን ማኅደር በራሱ ስለማያውቅ ተስማሚ ድራይቨር በሲዲ አመጣንለት፤ ማጫወቻውንም ይህ ሲስተም ሊያነበው በሚችለው በፋት32 አሰናዳነው። የመጀመሪያው ዘፈን በጥቂት ሰከንዶች ተሻገረ። ባልደረባችን አስማሚ ገመዱን እኔ ዘንድ ትተውት ሄዱ፤ ባለ 9 እግሩ መሰኪያም ከቦታው አልተነቀለም።