ቮልሴን የሠራው ሰው

ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ፣ ቢወድም ባይወድም፣ ግማሽ መካኒክ ነው። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። የ1968 ሞዴል መኪናዬን ከቤቴ ግቢ አውጥቼ ለሌላ ሰው እጅ የሰጠሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። የ13 ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ክሪክ ካለኝ አብዛኛው ሥራዋ ይሠራል። ይህችን መኪና ለባለቤቷ እጅ እንዲህ እንድትመች አድርጎ ያሰባት ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አላሳሰበኝም ነበር። ታሪኩን ሳነብ ያገኘሁት ሰው እንደ መኪናው ቀላል አይደለም። (ዘመኑን ሌላ ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1875 ዓ.ም. ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ ያኔ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ነበረች፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነች። አባቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር፤ ልጁም ሙያውን እንዲወርስ ይፈልግ ነበር። የልጁ ልብ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ሸፈተ። ቀን ከአባቱ ጋር እየሠራ ማታ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በ18 ዓመቱ ቪየና ገብቶ በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። መደበኛ የምህንድስና ዲግሪ አልነበረውም፤ ከስሙ ፊት የምናየው ዶክተር የክብር ማዕረግ ነው። እጁን በዘይት ያሟሸ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1900 ዓ.ም. በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበው መኪናው ሞተሮቹ በጎማዎቹ ውስጥ የተገጠሙ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነገር የተፈጠረ ያህል ሲወራ ይህን ማስታወስ ደስ ይለኛል። ከዚያ በኦስትሮ-ዳይምለር፣ ቀጥሎም ሽቱትጋርት በሚገኘው ዳይምለር ለባለጸጎችና ለእሽቅድምድም የሚሆኑ መኪኖችን ሠራ። ከዳይምለር ኃላፊዎች ጋር ሳይግባባ ቀርቶ በ1928 መጨረሻ ለቀቀ፤ በ1931 በዚያው ከተማ የራሱን የዲዛይን ቢሮ ከፈተ። ትንሽና ርካሽ መኪና የመሥራት ሐሳቡን ለሁለት የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ሸጦ ነበር፤ ሁለቱም ናሙና ካሠሩ በኋላ ተዉት።

በ1934 አዲስ ደንበኛ መጣ፤ አዶልፍ ሂትለር። የተጠየቀው መኪና ሁለት አዋቂዎችንና ሦስት ልጆችን የሚይዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ዋጋውም ከ1,000 ማርክ በታች የሆነ ነበር። ሞተሩ በአየር እንዲቀዘቅዝ ተፈለገ፤ አብዛኛው ጀርመናዊ ጋራዥ ስላልነበረው በክረምት ደጅ ያደረ የራዲያተር ውኃ ይበርዳል። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የተገጣጠሙት ሽቱትጋርት ውስጥ በራሱ በፖርሽ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ነው። በ1936 መገባደጃ ሦስቱ ናሙናዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዱ፤ የተሰበረው እየተመዘገበ ተስተካከለ።

የዚያን ድካም ፍሬ እኔ አገኘሁት። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ገመዶቹና የቤንዚን ቱቦው ከተነቀሉ ክሪክ ያላቸው ሁለት ሰዎች ያወርዱታል። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን የሚጣል ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር ያለችውን የሽቦ ወንፊት በቤንዚን አጥቦ መመለስ ነው። የቫልቭ ክፍተት፣ እንደ ሞዴሉ 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ ይለካል። ቺንጋው ላልቶ ከሆነ በፑሌጃው መሐል ያሉትን ስስ ቀለበቶች መቀነስ በቂ ነው። ያ ቺንጋ ጀነሬተሩን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም ስለሚያዞር፣ ቀይዋ መብራት በመንገድ ላይ ከበራች እስከ ቤት ልድረስ አይባልም፤ እዚያው ማቆም ነው።

እንከንም አላት። በእኔዋ ዓይነት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰውን አየር ስለሚከለክል የእሱ ቫልቭ ቀድሞ ይቃጠላል። ሙያውን ያሳዩኝ አዛውንት መካኒክ ቫልቭ ሲያስተካክሉ ሁልጊዜ እሱን ደግመው የሚለኩት ለዚህ ነበር።

ሁሉም የፖርሽ ሐሳብ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሞተሩን የነደፈው ባልደረባው ፍራንዝ ራይምሽፒስ ነው፤ አካሉን ኤርቪን ኮሜንዳ። ከታትራው ሃንስ ሌድቪንካ ሥራዎችም ብዙ ተወስዷል፤ ፎልክስዋገን ከጦርነቱ በኋላ ለታትራ ካሳ ከፍሏል።

ከዚህ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ፖርሽ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በኋላም የኤስ ኤስ ማዕረግ ተሰጠው። ወደ 336,000 የሚሆኑ ጀርመናውያን በሳምንት 5 ማርክ እየከፈሉ ለመኪናዋ ቆጠቡ፤ አንዳቸውም አልደረሳቸውም። ጦርነቱ ሲነሳ ፋብሪካው ለወታደር መኪናና ለጦር መሣሪያ ዋለ። በጦርነቱ ዓመታት እዚያ በግዳጅ የሠሩት ሰዎች 20,000 ያህል ናቸው፤ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩባቸው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ፖርሽን ፖለቲካ የማይገባው፣ ሥራውን ብቻ የሚያይ ሰው ያደርጉታል። እኔ አልቀበለውም። ብሎን የት እንደሚላላ የሚያውቅ ሰው፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው ማን እንደሆነ አላየሁም ሊል አይችልም። ሠራተኛ እንዲሰጠው ከባለሥልጣናቱ የጠየቀም ራሱ ነው።

በ1945 መጨረሻ ፈረንሳዮች አሰሩት። ሰባ ዓመቱ ነበር። ለፍርድ ሳይቀርብ ከ20 ወራት በኋላ፣ በ1947፣ በዋስ ተፈታ። በዚህ መሐል ፋብሪካውን እንግሊዛውያን አስነስተውት ነበር። በ1948 በተደረሰ ስምምነት ከሚሠራው እያንዳንዱ ቮልስ ለፖርሽ ኩባንያ ክፍያ ይታሰብ ጀመር። በኅዳር 1950 ፋብሪካውን ጎበኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በጭንቅላት የደም ሥር ችግር ወደቀ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1951 ሽቱትጋርት ውስጥ አረፈ።

አንድ ሚሊዮንኛዋ ቮልስ በ1955 ስትወጣ እሱ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች፤ ለሕዝብ ተብላ የታሰበች መኪና እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ይገጥማታል ብሎ ማን ያስብ ነበር። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ተሠራች፤ ቁጥሯ 21,529,464 ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና መሰሎቼ መለዋወጫ ስናጣ ፊታችንን የምናዞረው የሌላ ቮልስ ሬሳ ወደቆመበት ግቢ ነው።